ለየዕለት አገልግሎት የሚሆን፣ ዋጋው የማይከብድ የእጅ ባትሪ የትኛው ነው?

መምህርት ዘአዘዞ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዘዞ ሲሆን የማስተምረው መሀል ጎንደር ነው። የማታ ተማሪዎች ስላሉኝ ከታክሲ የምወርደው ከመሸ በኋላ ነው፤ ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ያለው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ደግሞ መብራት ስለሌለው በክረምት ጭቃውና ጉድጓዱ፣ በበጋ ደግሞ ውሻው ያስቸግራል። እስካሁን የምጠቀመው በስልኬ መብራት ነው፤ ይሁን እንጂ ስልክን አብርቶ በጨለማ መሄድ ለቀማኛ ራስን ማሳየት ከመሆኑም በላይ፣ ለአስቸኳይ ጥሪ የሚያስፈልገኝን የስልክ ኃይል መንገድ ላይ መጨረስ ተገቢ ሆኖ አልታየኝም። ቤት ውስጥም መብራት በጠፋ ጊዜ ልጆቼ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩበት፣ እኔም የጣድኩትን የማይበት ብርሃን እፈልጋለሁ።

በዓይኔ የገቡት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቅዳሜ ገበያም አራዳም በብዛት የሚሸጠው፣ ከጀርባው ሹካ ወጥቶ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካው ትልቅ የፕላስቲክ ባትሪ ነው። ሁለተኛው ኤኤ በሚባለው፣ ለግድግዳ ሰዓት በምንጠቀምበት አንድ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የብረት ባትሪ ነው። ሦስተኛው 18650 የሚባል ወፍራም የሊቲየም ድንጋይ የሚጎርስ ሲሆን፣ ከውጭ አገር የምትመጣው እኅቴ ኮንቮይ ወይም ሶፊርን ከሚባሉት አንዱን ልትይዝልኝ ትችላለች። የመደብኩት ገንዘብ 3,000 ብር ገደማ ነው። በአንዱ ካርቶን ላይ 90,000 ሉመን የሚል ጽሑፍ ስላየሁ ግራ ገብቶኛል፤ ሌላው ላይ የተጻፈው 300 ብቻ ሲሆን ዋጋው ግን ይበልጣል። በተጨማሪም ማክሰኝት አካባቢ የሚኖሩት እናቴ ለኪዳን ገና ሳይነጋ ስለሚወጡ፣ ለእርሳቸው የሚሆነውም ከዚሁ ጋር ቢነገረኝ ደስ ይለኛል።

ጠጋኙ ዘፒያሳ፦

መምህርት፣ ከካርቶኑ ቁጥር ልጀምር፤ እርሱ ከጠራ ሌላው ይቀላል። ሉመን ከመብራቱ በጠቅላላ የሚወጣው ብርሃን መለኪያ ነው። ጥሩ የሚባል የእጅ ባትሪ ከአንድ ዋት ኃይል የሚያወጣው በግምት 100 ሉመን ያህል ስለሆነ፣ 90,000 ሉመን ለማውጣት 900 ዋት ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ይህም አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚበላው ያህል ነውና በመዳፍ የተያዘ ዕቃ ያን ያህል ቢሠራ መዳፉን ይጠብሰዋል። ስለዚህ ያ ጽሑፍ የተጋነነ ብቻ ሳይሆን ፈጽሞ ሊሆን የማይችል ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚዋሽ ካርቶን ስለ ድንጋዩም ስለ ውኃ መከላከያውም እውነት ይናገራል ብዬ አልጠብቅም። ባለ 300 ሉመኑ ዋጋው የበለጠው ምናልባት እውነቱን ስለ ጻፈ ይሆናል። ካርቶን ላይ የሚጻፈውና ለብዙ ሰው የሞዴል ስም የሚመስለው ቲ6 የሚለው ምልክትም ክሪ የተባለው ኩባንያ ኤልኢዲዎቹን፣ ማለትም ብርሃን የሚሰጡትን ትንንሽ አምፖሎች፣ በድምቀት ሲለይ የሚጠቀምበት የደረጃ ስም እንጂ ሌላ አይደለም።

በደንብ የተሠሩት ባትሪዎች ካርቶናቸው ላይ ኤፍኤል1 የሚል ምልክት ይኖራቸዋል። ይህ በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ መለኪያ ሲሆን፣ አነባበቡን ማወቅ ይጠቅማል። ርቀት ብሎ የሚጽፈው ብርሃኑ ተዳክሞ የሙሉ ጨረቃን ያህል፣ ማለትም 0.25 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው)፣ እስኪደርስ ያለውን ርዝመት ነው፤ ስለዚህ 200 ሜትር የተባለው ባትሪ በዚያ ርቀት ላይ የቆመን ሰው ማንነት አያሳይም፤ ለሥራ የሚሆነው ርቀት ከግማሹም ያነሰ ነው። የሚቆይበት ሰዓት የሚባለው ደግሞ ብርሃኑ ከመነሻው ወደ አንድ ዐሥረኛ እስኪወርድ የሚወስደው ጊዜ በመሆኑ፣ ከተጻፈው ሰዓት አብዛኛው የደብዛዛ ብርሃን ሊሆን ይችላል። ለእርስዎ መንገድ ከ100 እስከ 200 ሉመን ከበቂ በላይ ነው። ዓይናችን ብርሃን በእጥፍ ደመቀ የሚለው ብርሃኑ አራት እጥፍ ገደማ ሲጨምር ስለሆነ፣ በ300 እና በ500 ሉመን መካከል ያለውን ልዩነት መንገድ ላይ ብዙም አይለዩትም።

ይልቅስ ምርጫዎን የሚወስነው ድንጋዩ ነው። በሶኬት የሚሰካው ፕላስቲክ ባትሪ በአብዛኛው ውስጡ ያለው ትንሽ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ነው፤ አሠራሩ ከመኪና ባትሪ ጋር አንድ ነው። ይህ ዓይነቱ ባዶ ሆኖ ሲቀመጥ ሳህኖቹ ላይ የሰልፌት ንጣፍ ይጋገርበትና ዳግመኛ ኃይል መያዝ ያቆማል። ሰው ግን የሚያደርገው መብራት በጠፋ ጊዜ እስኪጨርስ መጠቀምና መብራት ሲመጣ ቁም ሣጥን ላይ መርሳት ነው። ለጥገና ከሚመጡልኝ መካከል ኤልኢዲው የተቃጠለ አይበዛም፤ የሚበዛው በዚህ ምክንያት የሞተ ባትሪ ነው። ሌላም አደጋ አለው፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው ትራንስፎርመር ስለሌላቸው የ220 ቮልቱ ኤሌክትሪክ ከውስጠኛው ሽቦ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው፤ ሽፋኑ የተሰነጠቀን ባትሪ ሶኬት ላይ እንዳለ መንካት አይገባም። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን በዋዛ አልመለከተውም።

በእኔ አስተያየት 18650 የሚጠቀመውን ይግዙ። ስሙ የመጣው ከመጠኑ ነው፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። 3,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ አንድ ጥሩ ድንጋይ 11 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ስላለው 100 ሉመን የሚሆን ብርሃን ለዐሥር ሰዓት ገደማ ይሰጥዎታል፤ አንድ ኤኤ ድንጋይ ግን ተመሳሳዩን ብርሃን ከሁለት ሰዓት ብዙም አያሳልፍም። ልጆቹ ሙሉ ምሽት የሚያጠኑበትን ብርሃን ከኤኤ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

የሌሊት ነርስ፦

ከላይ የተጻፈውን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ በመደምደሚያው ግን አልስማማም። ጠጋኙ ወንድማችን ሱቁ ውስጥ መሞከሪያውም ቻርጀሩም ስላለው 18650 ይቀለዋል፤ እኛ ግን ድንጋዩ የሞተ ዕለት ከየት እንተካለን? ጎንደር ገበያ ላይ በዚህ ስም ከሚሸጡት ብዙዎቹ ላይ 9,900 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ጽሑፍ አለ፤ በዚህ መጠን ከታወቁት ፋብሪካዎች የሚወጣው ትልቁ እንኳ 3,600 አካባቢ ነው። ኤኤ ድንጋይ ግን አዘዞም ማራኪም ባለ ሱቅ ሁሉ ዘንድ አለ፤ ማክሰኝትም አይጠፋም።

እኔ በሌሊት ተራ የምይዘው ባለ አንድ ኤኤ ትንሽ ባትሪ ነው። ቻርጅ የሚደረግ የኒኬል ድንጋይ እጠቀማለሁ፤ ሳንዮ በ2005 እ.ኤ.አ. ኤነሉፕ ብሎ ያወጣው፣ ዛሬ በፓናሶኒክ ስም የሚሸጠው ዓይነት ተቀምጦ እንኳ ኃይሉን ቶሎ አያጣም። ቮልቱ 1.2 መሆኑ አያሳስብዎ፤ ጥሩ ባትሪ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ሰርኪዩት ስላለው ከ1.5 ቮልቱ ጋር ልዩነቱ አይታወቅም። ይህ ድንጋይ ባለቀበት ጊዜ ተራውን ከሱቅ ገዝቼ እተካለሁ።

ሰው ሁሉ ትልቁን ድምቀት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ትንሹን እጠይቃለሁ። የተኛ በሽተኛ ሳልቀሰቅስ መርፌ ስመለከት የሚያስፈልገኝ ሁለትና ሦስት ሉመን ነው። ለመምህርትም ሌሊት ልጅ ለማየት ሲነሡ ይኸው ነው የሚጠቅማቸው። ሁለተኛው ጉዳይ የብርሃኑ ቀለም ነው። ርካሾቹ ባትሪዎች 6,500 ኬልቪን የሚደርስ፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ ብርሃን ስለሚሰጡ የቆዳን ቀለም ያበላሻሉ፤ የዓይን ቢጫነት ወይም የከንፈር መጥቆር እንደ ልብ አይለይበትም። ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን የሆነውንና የቀለም ታማኝነቱ፣ ሲአርአይ የሚባለው፣ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ብትመርጡ ድምቀቱ ጥቂት ቢቀንስም ዓይን ያርፋል። የወጡ በርበሬ መብሰሉን ለማየትም ቢሆን የሚሻለው ይኸኛው ነው።

አስጎብኚ ከደባርቅ፦

ሁለታችሁም የእጅ ባትሪ ብቻ ነው ያሰባችሁት። መምህርት ጃንጥላና ደብተር ይዘው፣ ምናልባትም ዘንቢል አንጠልጥለው በጭቃ መንገድ ሲሄዱ ባትሪውን በየትኛው እጃቸው ይይዙታል? በግንባር የሚታሰረውን አስቡት። በስሜን ተራሮች ከሳንቃበር ወዲያ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ስናድር፣ ድንኳን ለመትከልም ሆነ ለማብሰል የእጅ ባትሪ የሚያወጣ የለም። ልጅ ሲያጠናም ግንባሩ ላይ ቢያስረው ብርሃኑ ዓይኑ ወደ ዞረበት ይከተለዋል።

ስለ ድንጋይ ከብርድ አንጻር አንድ ነገር ልጨምር። ተራው የአልካላይን ድንጋይ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ኃይሉ በግልጽ ይቀንሳል፤ ሊቲየሙና ኒኬሉ ይሻላሉ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ግን ብርዱ ያን ያህል ስላልሆነ ይህ ለእርስዎ ምክንያት መሆን የለበትም።

መምህርት ዘአዘዞ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የግንባሩ ሐሳብ ለቤት ጥሩ ነው፤ ሆኖም ግንባሬ ላይ መብራት አስሬ ከታክሲ ስወርድ ተማሪዎቼ ቢያገኙኝ ምን እንደሚሉ ስለማውቅ ለመንገዱ ይቅርብኝ። ለልጆቹ ግን አንድ እገዛላቸዋለሁ።

አሁን ያልገባኝ የሚከተለው ነው። ከኮንቮይና ከሶፊርን የትኛው ነው በዚህ ገንዘብ፣ ሌላ ዕቃ መግዛት ሳያስፈልግ፣ ቤት ውስጥ የሚያገለግለው? እኅቴ ድንጋዩን በአውሮፕላን ይዛ መምጣት ትችላለች ወይ? ኤኤም ሊቲየምም የሚቀበል አንድ ባትሪ አለ የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ እውነት ከሆነ ክርክራችሁን የሚያስታርቅ ይመስለኛል።

ጠጋኙ ዘፒያሳ፦

ኮንቮይ ኤስ2 ፕላስ ጠንካራና ለጥገና የተመቸ ባትሪ ነው፤ ፈትቶ ኤልኢዲውን መቀየር ይቻላልና እኔ እወደዋለሁ። ነገር ግን የተለመደው ዓይነት ራሱን ቻርጅ ስለማያደርግ ለብቻው ቻርጀር መግዛት ይኖርብዎታል፤ ይህም ከበጀትዎ ያወጣዎታል። እንደ ሶፊርን ኤስሲ18 ያለው ግን በዩኤስቢ ሲ ገመድ ከስልክዎ ቻርጀር ላይ ስለሚሰካ ሌላ ዕቃ አያስፈልገውም። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ርካሽ ባትሪዎች ላይ አምራቾቹ ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ስለሚያስቀሩ፣ ሁለቱም ጫፉ ዩኤስቢ ሲ በሆነ አዲስ ገመድ አልሞላም የሚሉ ይበዛሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በአንድ ጫፉ አሮጌው ሰፊ ዩኤስቢ ያለበትን ገመድ ሲጠቀሙ ይሞላል።

ስለ አውሮፕላኑ፦ እኅትዎ ትችላለች፤ ሆኖም ከባትሪው ውጭ ያለ የሊቲየም ድንጋይ መጫን ያለበት በእጅ ሻንጣ ነው፤ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። እያንዳንዱም ጫፎቹ ከብረት ጋር እንዳይነካኩ በየራሱ የፕላስቲክ ማቀፊያ ይደረግበት። የኃይል ወሰኑ 100 ዋት ሰዓት ስለሆነ 11 ዋት ሰዓት ያለው አንድ ድንጋይ ችግር አይፈጥርም። ሁለት ድንጋይ ታምጣልዎ፤ የነርሷን ስጋት የሚያስወግደው ይህ ነውና። አንዱ ሲደክም እዚህ ገበያ ላይ ያለውን ከመሞከር በፊት በሚዛን ይዩት፤ እውነተኛው 18650 ከ45 እስከ 48 ግራም ገደማ ሲመዝን ብዙዎቹ የሐሰት ድንጋዮች ውስጣቸው ግማሽ ባዶ ስለሆነ ይቀላሉ። ወርቅ ቤት ያለች ሚዛን ለዚህ ትበቃለች። የአሮጌ ላፕቶፕ ድንጋይ ፈትተው የሚሸጡም አሉ፤ እነዚያ አብዛኛውን ጊዜ መከላከያ ሰርኪዩት ስለሌላቸው፣ ባትሪው ራሱ ቮልቱ ሲወርድ የማያጠፋ ከሆነ ለቤት አልመክራቸውም።

ሁለቱንም የሚቀበል ባትሪ መኖሩ እውነት ነው፤ ሶፊርን ኤስፒ10 ፕሮ ኤኤም 14500 የሚባለውን ሊቲየምም ይቀበላል። በመጠን አንድ ሆነው አንዱ 1.5፣ ሌላው 3.7 ቮልት ነው፤ ስለዚህ 14500ን መቀበሉ ያልተጻፈበት ባትሪ ውስጥ ቢያስገቡት ሊቃጠል ይችላል፤ ግድግዳ ሰዓት ውስጥ ቢገባም ሰዓቱን ያበላሻል። ልጆች ካሉ ሁለቱ ተመሳሳይ ድንጋዮች በአንድ መሳቢያ ውስጥ መገኘታቸው አይስማማኝም።

የሌሊት ነርስ፦

ለእናትዎ የሚሆነውን ማንም ስላላነሣው እኔ ልበል። ኤኤ ይሁን፤ ሊቲየም አይሁን። ከሁሉ በላይ ማብሪያው ቀላል ይሁን፤ አንድ ጊዜ ሲጫን የሚበራ፣ ሲጫን የሚጠፋ። ብዙ ርካሽ ባትሪዎች በተጫኑ ቁጥር ከደማቅ ወደ ደብዛዛ፣ ከዚያም ወደሚያብለጨልጨው፣ ኤስኦኤስ ወደሚባለው የድረሱልኝ ምልክትም ይሸጋገራሉ፤ እናት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆመው በሚያብለጨልጭ መብራት ምእመኑን ሲያስደነግጡ አይታየኝም። ጭንቅላቱ እየተሳበ ብርሃኑን የሚያጠበውና የሚያሰፋው ዓይነትም ይቅር፤ በዚያ ክፍተት ዝናብ ይገባል፤ ሲጠብም ብርሃኑ መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ብቻ ሆኖ እግር ሥር ያለውን አያሳይም። ለሐምሌና ለነሐሴ ዝናብ አይፒኤክስ 4 የሚለው የውኃ መከላከያ ደረጃ ከተጻፈበት ይበቃል፤ አይፒኤክስ 7 የተባለው አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የሚቋቋም ስለሆነ ወንዝ ለማይሻገር ሰው ትርፍ ነው።

ድንጋዩንም ራሳቸው ማውጣት ካልቻሉ፣ ለበዓል በሄዱ ቁጥር አሮጌውን አውጥተው በአዲስ ይተኩላቸው። በተለይ ርካሹ የካርቦን ዚንክ ድንጋይ አልቆ ሲቀመጥ ስለሚያፈስ ውስጡን ዝገት ይበላዋል።

አስጎብኚ ከደባርቅ፦

ነርሷ ያሉትን አጥብቄ እደግፋለሁ፤ ብዙ እርከን ያለው ባትሪ ለሽማግሌ አይሆንም። እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለጠጋኙ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ባትሪዬ ራሱ በርቶ ትኩሳቱ ልብሴን ሊያቃጥለው ደርሷል። ማጥፊያው በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ከሆነ ምን ይደረጋል? መምህርትም ቦርሳ ውስጥ ከደብተር ጋር ስለሚይዙት ይጠቅማቸው ይመስለኛል።

ጠጋኙ ዘፒያሳ፦

የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ያህል ያላሉት፤ የብረቱ ንክኪ ስለሚቋረጥ ማብሪያው ቢጫንም አይበራም። ይህ የሚሠራው የክዳኑ ጥርስ አኖዳይዝ በተደረገበት፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ ንጣፍ በተሸፈነበት የአሉሚኒየም ባትሪ ላይ ነው፤ ጥርሱ ራቁት ብረት ከሆነ ክዳኑን ጨርሶ ካላላቀቁት አይቋረጥም። ማጥፊያው ከጎኑ ያለ ባትሪ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ ማቋረጡ ማብሪያው ተጠባባቂ ሆኖ የሚበላውን ጥቂት ኃይልም ያስቀራል። አልፎ አልፎ የክዳኑን ጥርስና የድንጋዩን ጫፍ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ብርሃኑ የተንቀጠቀጠ ባትሪ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ይህ ይሞከርበት። ጥርሱ ላይ ትንሽ የሲሊኮን ቅባት ማድረግ ይቻላል፤ ቫዝሊን ግን የውኃ መከላከያ ጎማውን ሊያሳብጠው ስለሚችል አይቀባ።